ባቡሩ ስልሳ ሦስት ላይ ቆመ

1.

«ቫይረስ ነው» አለ ሲራክ፣ ሲዲውን ከማቀፊያው ሳያወጣው።

ወይዘሮ አስካለማርያም ነገሩን ገና መጀመራቸው ነበር። የገዙት የባቡር ጌም ሲጫን ስልሳ ሦስት ከመቶ ይደርስና ይቆማል፤ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣና ጭጭ ይላል። ሲራክ ግን አዳማ ላይ «ኢንጂነር» የሚባል ሰው ነው።* ኢንጂነር ደግሞ ደንበኛ እስኪጨርስ አይጠብቅም።

* ማዕረጉ የተገኘው ከሁለት ወር የኮምፒውተር ሥልጠና ነው። የምስክር ወረቀቱ ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ስሙ «ሲርካ» ተብሎ ተጽፏል። እስካሁን ያስተዋለ የለም፤ ራሱ ሲራክም ጭምር።

2.

በሱቁ በር ላይ የተለጠፈ፦

ጌም እምቢ ሲልዎት
ሀ. ሲዲውን በጥጥ ይጥረጉ።
ለ. ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩ።
ሐ. አሁንም እምቢ ካለ ቫይረስ ነው።
መ. ቫይረስ ካልሆነ ኮምፒውተርዎ አርጅቷል።
ሠ. የተሸጠ ሲዲ አይመለስም።

ለሱቁ ጥፋት የሚሆን ፊደል አልተረፈም። የፊደል ድሃ ሆነን አይደለም።

3.

ነገሩ ለምን እንዲህ አንገበገባቸው ለሚል አንባቢ፦

የወይዘሮ አስካለማርያም ባል አቶ ጉግሣ ሠላሳ አንድ ዓመት በድሬዳዋ መስመር ባቡር ነድተዋል። ከአሥር ወር በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸውን አሰረው፤ ምላሳቸውንም ያዘው። ሐኪሙ እጃቸውን የሚያፍታታ፣ የሚወዱት ነገር ይፈለግላቸው አለ። ጨምቁ ተብለው የተሰጣቸውን ኳስ በግራ እጃቸው በመስኮት ወረወሩት።

ወይዘሮዋ ሲራክ ሱቅ የባቡር ሥዕል ያለበት ሲዲ አይተው ገዙ። ልጃቸው አግብታ ስትሄድ የተወችላቸው ኮምፒውተር ነበር። አቶ ጉግሣ ሥዕሉን ሲያዩ የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ንቅንቅ አለች። ወይዘሮ አስካለማርያም ያዩ መሰላቸው። ቢናገሩት ተስፋው እንዳይከስም ፈርተው ለማንም አልተናገሩም።

4.

ሲራክ ቤት ድረስ መጣ። ሲዲውን በጥጥ ጠረገ። አጠፋ፣ አበራ። ስልሳ ሦስት። ጽሑፉ ብቅ ሲል እንደ ዝንብ እሽ ብሎ ዘጋው።

አቶ ጉግሣ ከወንበራቸው የግራ እጃቸውን ሁለት ጣት አነሡ። ሚስታቸው ሻይ በሁለት ማንኪያ ስኳር አቀረቡላቸው። አልጠጡትም።

4.

በሳምንቱ ሌላ ቅጂ ይዞ መጣ። ስልሳ ሦስት። ዘጋው።

ሁለት ጣት።

ሲራክ፣ ጋሼ ድል የእኛ ነው እያሉ ነው ብሎ እሱም ሁለት ጣቱን አነሣላቸው።

4.

በሦስተኛው ሳምንት ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረገው። ማንንም አልጠየቀም። የልጃቸው ሠርግ ፎቶ በሙሉ፣ አቶ ጉግሣ በሁለት እግራቸው ቆመው እስክስታ የመቱበት ጭምር፣ ጠፋ። ሲራክ አሁን በደንብ ጸድቷል አለ።

ስልሳ ሦስት።

አቶ ጉግሣ በሁለት ጣታቸው የወንበሩን እጀታ መቱት። ደገሙት።

5.

ወይዘሮ አስካለማርያም አልጮኹም። ሲራክ ሊዘጋው እጁን ሲሰድ ብቻ፣

«ቆይ» አሉት። «ይሄ ጽሑፍ ምን ይላል?»

«ኤረር ነው እትዬ። ዝም ብሎ ነው።»

«ምን ይላል ነው ያልኩህ። እኔ እንግሊዝኛ አላነብም። አንተ ታነባለህ።»

ሲራክ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበ፤ እንደ ፊደል ቆጣሪ ቃል በቃል እየተረጎመ።

ሁለተኛውን

ዲስክ

ያስገቡ።

አቶ ጉግሣ በረጅሙ ተነፈሱና ጣቶቻቸውን አወረዱ። ምድር ባቡር ፈረንሳይኛ አስተምሯቸዋል፤ «ዲስክ» እና «2» ለማንበብ ከበቂ በላይ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲናገሩ ነበር።

6.

ደግ ጸሐፊ ቢሆን እዚህ ላይ ሲራክን ያስለቅሰው ነበር። እኔ የሆነውን ነው የምጽፈው። ሲራክ፣ ጌሙ ሁለት ዲስክ እንዳለው የሠራው ኩባንያ ማሳወቅ ነበረበት አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመቅዳት የተዋሰው ማቀፊያ ውስጥ ሁለት ሲዲ ነበር፣ አንድ ዓይነት ሥዕል ያላቸው። ሁለተኛው መጠባበቂያ መሰለውና አንዱን ብቻ እየገለበጠ ለአሥራ አንድ ሰው ሸጠ። አሥሩ የበሩን ማስታወቂያ አንብበው ራሳቸውን ጥፋተኛ አደረጉ። ከአሥሩ አንዱ ጭራሽ አዲስ ኮምፒውተር ገዛ።

ከሰዓት በኋላ ሲራክ ሁለተኛውን ዲስክ ካዋሰው ሰው ተቀብሎ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ፎቶዎቹን በተመለከተ፣ እትዬ፣ ብሎ ጀመረ። ቫይረስ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር፤ ዋጠው።

«ግባና አስገባው» አሉት ወይዘሮ አስካለማርያም። ይቅር አላሉትም። ወንበር ግን ሰጡት።

7.

ስልሳ አራት።

ሰባ ዘጠኝ።

መቶ።

ባቡሩ ጣቢያው ላይ ቆሞ ታየ። ከሥሩ ባዶ ሣጥን፦ የነጂ ስም። ሲራክ የአቶ ጉግሣን ስም ሊጽፍ እጁን ዘረጋ።

አንድ ከባድ ነገር የእጁ አንጓ ላይ አረፈ። የአቶ ጉግሣ ቀኝ እጅ ነበር። ከጭናቸው ተነሥቶ እዚያ ድረስ መጥቷል። የሲራክን እጅ ቀስ ብሎ ገፋው።

ወይዘሮ አስካለማርያም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ሽማግሌው በግራ ጣታቸው ፊደል እየፈለጉ ጻፉ። ብዙ ጊዜ ወሰደ። ማንም አላገዛቸውም። ሲጨርሱ ሲራክ ማንም ሳይጠይቀው አነበበ።

«እትዬ፣ የእርስዎን ስም ነው የጻፉት።»

8.

ከዚህ በኋላ ቤቱ ውስጥ የተነገረውን ምንም ሳልጨምር እንዳለ ገልብጬዋለሁ።

አስካለማርያም፦ ኧረ ጉግሣ፣ እኔ ባቡር መንዳት የት አውቅና?

ጉግሣ፦ (በቀኝ እጃቸው ኪቦርዱን ወደ ሚስታቸው ገፋ አደረጉ።)