ፈረስ የተለዋወጥንበት ፍጻሜ

ከሆላንድ ድንበር አጠገብ ባለው በእኛ አውራጃ የፈረሰኞች ማኅበር አንድ የማይረባ ደንብ አለ። ለፍጻሜ የደረሱት ሁለት ጋላቢዎች ፈረስ ተለዋውጠው ፈተናውን ይደግማሉ፤ አሸናፊውም በዚያ ዙር ይለያል። «ፈረሱ ሳይሆን ሰው ይመዘን» ነው ምክንያቱ። ይህን ያወጣው ሰው በሕይወቱ አንድ ፈረስ እንኳ አላሠለጠነም፤ ልማልላችሁ እችላለሁ።

ቬንከ የምትባለው ግራጫ ባዝራ የእኔ አይደለችም፣ የሽማግሌው የአቶ ኦንከን ናት። እኔ ስረከባት ግልቢያዋ ሞቶ ነበር። ደህና ግልቢያ ሦስት ምት አለው፤ ከሦስተኛው በኋላ ፈረሱ ለአፍታ አየር ላይ ይቆያል። የቬንከ ግን በልጓሙ ዛብ ጉተታ ብዛት አራት ምት ሆኖ፣ ደረጃ እንደሚወርድ አሮጌ ሰው ትንገዳገድ ነበር። የበረዶውን ወራት ሙሉ፣ ጣቶቼ እየደነዘዙ፣ ጥቂት አስጋልባታለሁ፣ ወደ እርምጃ አወርዳታለሁ፣ መልሼ አስጋልባታለሁ። ክብደቷን በኋላ እግሮቿ መሸከም ተማረች። በመጨረሻ ወገቤን ቀና አድርጌ ትንፋሼን ስለቅ ብቻ፣ ዛቡ ሳይነካ፣ ከግልቢያ ወደ እርምጃ ትወርድልኝ ጀመር።

አቶ ኦንከን ግን ከውድድሩ በፊት ጠሩኝ። «ተፎካካሪሽ ኢምከም ቬንከን እንድሰጣት ጠይቃኛለች። ከሁለታችሁ ፍጻሜውን ያሸነፈች ወስዳ ትጋልባት» አሉኝ። ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ይሸከማል።

ለፍጻሜ የደረስነው እኔና ኢምከ ነበርን። ኮርቻ ስንቀያየር እየሳቀች ወደ እኔ ዞረች።

«ጌዚነ፣ ለባልዱር አትራሪለት። ጠንከር አድርገሽ ካልጎተትሽው ሆላንድ ገብቶ ነው የሚቆመው።»

«አንቺ ደግሞ ለቬንከ እጅሽን አሳርፊላት። ትንፋሽሽን ትሰማለች።»

«ፈረስ ናት ወይስ ሐኪም?»

የኢምከ ባልዱር ደግ ሰንጋ ፈረስ ነው፤ በጉተታ አፉን እንጨት ያደረገችው እሷ ናት። ከግልቢያ ወደ እርምጃ መውረጃው ምልክት ላይ ስንደርስ ቀና ብዬ ተነፈስኩ። ማን ሰምቶኝ። እንደ እሷ ብጎትተው ይቆም ነበር፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ምልክቱን አልፎ ሄደ፣ በሶምሶማ ተንገጫገጨ፣ ከዚያ በኋላ ነው የተራመደው። ዳኛዋ በድምፅ ማጉያው «ሽግግሩ ዘግይቷል፤ ጋላቢዋ ፈረሱን አላዘጋጀችውም» አለች።

ቀጥሎ ኢምከ በቬንከ ገባች። ግልቢያው ክብ፣ ምቱ የጠራ ሦስት። ምልክቱ ጋ ሲደርሱ ኢምከ ለመጎተት ወደ ኋላ ተደገፈች፤ እጇ ከመጥበቁ በፊት ግን ባዝራዋ ወርዳ እየተራመደች ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበ። «እንከን የለሽ ሽግግር፤ ይህች ጋላቢ የለዘበ እጅ አላት» አለች ዳኛዋ። የለዘበ እጅ! ያንን እጅ የባልዱር አፍ ያውቀዋል። ፍጻሜውን ኢምከ አሸነፈች።

አቶ ኦንከን ዘንድ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። «እሷ የጋለበችው የእኔን ሥራ ነው፤ እኔ የጋለብኩት የእሷን። ይህ አይታይዎትም?»

«ደንቡን ስትገቢ ታውቂው ነበር፣ ልጄ።»

«ደንቡ አይደለም የምለው። ባዝራዋን ታበላሽብዎታለች።»

«ነጥቡ ተናግሯል» አሉና ዓይናቸውን ወደ ሜዳው መለሱ።

ሙዚቃው ተከፈተ፤ አሸናፊዋ የክብር ዙር ልትጋልብ ነው። ቬንከ ጭብጨባና ሙዚቃ አንድ ላይ ስትሰማ ትንሽ ትደነግጣለች፤ ያኔ የሚያስፈልጋት ዝም ብሎ የሚጠብቃት እጅ ነው። ኢምከ ግን ዛቡን ሰብስባ ጎተተች። የባዝራዋ አፍ ተከፈተ፣ አንገቷ ታጠፈ። በመጀመሪያው ዙር ምቱ ሦስት ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ ፊቴን አዙሬ ነበር፤ ጆሮዬን ግን ወዴት ላዙር? አራት። አራት። የበረዶውን ወራት ሙሉ የሠራሁት በሁለት ዙር አለቀ።

አቶ ኦንከን በደስታ ያጨበጭባሉ። «ቬንከን እያት፣ እንዴት ተረጋግታ ነው የምትጋልበው» አሉኝ።

«አልተረጋጋችም፣ አቶ ኦንከን» አልኳቸው። «መስማት አቁማለች።»

አልገባቸውም። እያጨበጨቡ ነበር።