የአራተኛዋ ጣት ጥያቄ

ጥበብና ፍቅር ሁለቱም ከፈጣሪ ለሰው ልጅ የተሰጡ ታላላቅ ጸጋዎች ቢሆኑም፣ በአንድ እጅ ላይ በአንድ ጊዜ ሲያርፉ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚያውክበት ሰዓት አለ፤ ጥበብ ትጠይቃለች፣ ትመረምራለች፣ ትጠራጠራለች፤ ፍቅር ግን መጠየቅን እንደ ነውር፣ መጠራጠርን እንደ በደል ቆጥራ ታልፋለች። ሐኪም ለራሱና ለቤተ ሰቡ መድኃኒት መስጠት ይገባዋልን የሚለው ነገር ብዙዎች የተከራከሩበትና ገና ያልተቋጨ ጉዳይ ስለሆነ፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ፍርዱን ለሚበልጡኝ ትቼ፣ በአንድ ቤት የሆነውን ብቻ፣ ስህተት እንዳይገባበት እየተጠነቀቅሁ፣ በቅደም ተከተል ላቀርብልህ እወዳለሁ።

በቀደመው ዘመን፣ በወሎ አገር በአንዲት የገበያ ከተማ፣ አለቃ ክንፈ ሚካኤል የሚባሉ ስመ ጥርና ክቡር የመድኃኒት ዐዋቂ ነበሩ፤ ዕውቀታቸውም ከሁሉ ይልቅ በኮሶ የታወቀ ነበር። ኮሶ የሆድ ትልን የሚያወጣ መራራ መድኃኒት ሆኖ፣ በልኩ ሲሰጥ የሚፈውስ፣ ከልኩ ሲያልፍ ወይም ለማይገባው ሰው ሲሰጥ የሚገድል መሆኑን አለቃ ስለሚያውቁ፣ ከመምህራቸው የወረሱትን ሥርዓት ሳያጓድሉ ይጠብቁ ነበር። ይኸውም በሽተኛው በፊታቸው ሲቀመጥ ቀኝ እጃቸውን ይጨብጡና፣ አንድ ጥያቄ በጠየቁ ቁጥር አንድ ጣት ይከፍታሉ፤ በመጀመሪያው ከትናንት ማታ ወዲህ እህል ቀምሶ እንደ ሆነ፣ በሁለተኛው የልብ ድካም እንዳለበት፣ በሦስተኛው ኮሶ ከጠጣ ስንት ወር እንደ ሆነው ይጠይቃሉ፤ በአራተኛዋ ትንሽ ጣት ደግሞ ሴት እንደ ሆነች ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆኗን ይጠይቃሉ፤ ኮሶ ጽንስን ያስወርዳልና። ወንድ ከሆነ አራተኛዋ ጣት ያለ ጥያቄ ትከፈታለች። አራቱም ሲከፈቱ በዚያው በተዘረጋው እጅ ዱቄቱን ለክተው ይሰጣሉ። የከተማው ሕፃናት እንኳ ይህን እንደ ጨዋታ ይጫወቱት ነበር።

በዚያችው ከተማ ከገበያው ማዶ ሼህ ይማም የሚባሉ ሌላ ዐዋቂ ነበሩ፤ ሁለቱም በልባቸው ይከባበራሉ፣ በአፋቸው ግን አይተዛዘኑም ነበር። አለቃ በገበያ መካከል፣ «የሼሁ ኮሶ ትሉን ያስተኛዋል እንጂ አያስወጣውም፤ ጠግቦ ተኝቶ ይነሣል» ሲሉ፣ ሼሁም ጺማቸውን እየዳበሱ፣ «እውነት ነው፣ የአለቃ ይበልጣል፤ ትሉንም ባለቤቱንም አብሮ ያስወጣል» ብለው ይመልሱ፣ ሰውም ይሥቅ ነበር።

አለቃ ሚስታቸውን ከቀበሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ የቀረቻቸው አንዲት ልጃቸው ብርቅነሽ ባል ካገባች ገና ዓመት ሳይሞላት፣ ከፋሲካ በኋላ አባቷን ልትጠይቅ መጣች። በመጣች በሦስተኛው ቀን ፊቷ ገርጥቶ፣ ምግብ እየሸሸች፣ ጧት ጧት እያቅለሸለሻት ሲያዩ፣ አለቃ የበዓሉን ጥሬ ሥጋ አሰቡና የሆድ ትል ነው ብለው ወዲያው ቈረጡ። ከባዕድ ሴት ይህንኑ ቢሰሙ ሌላ ምክንያት መጀመሪያ በመጣላቸው ነበር፤ ነገር ግን በዓይናቸው ፊት የተቀመጠችው ትናንት በጀርባቸው ያዘሏት ልጅ ነበረችና፣ ያ ሌላው ምክንያት በኅሊናቸው ደጅ ሳይደርስ ቀረ። እንዲህ ያለውን ነገር ሴት ልጅን የሚጠይቅ እናት እንጂ አባት አይደለም፤ እናትም በቤቱ አልነበረችም። በማግስቱ ማለዳ ብርቅነሽ በፊታቸው ስትቀመጥ፣ አለቃ እጃቸውን ሳይጨብጡ፣ አራቱን ጣት በአንድ ጊዜ ዘርግተው ለኩላት። እርሷ የተዘረጋውን እጅ ጥቂት ተመለከተች፤ ከዚያም ዓይኗን ሰበር አድርጋ ጠጣች።

ቀትር ሳይሆን የሆድ ቁርጠት ያዛት፤ ቀትር ሲያልፍ ደም መፍሰስ ጀመረ። አለቃ የሚያውቁትን ሥር ሁሉ ከመደርደሪያው አወረዱ፤ ነገር ግን የሚበጀውን መለየት አቅቷቸው አንዱን አንሥተው ይጥላሉ፣ ሌላውን አንሥተው ይጥላሉ። በመጨረሻ ሁሉን ትተው፣ ጥምጥማቸውን ሳይጠመጥሙ፣ የገበያው ሰው እያየ፣ ወደ ማዶ ሮጡ፤ ሲያፌዙበት በኖሩት ደጅም ቆሙ።

«ሼህ ይማም፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው፤ ይድረሱልኝ።»

«ምን ጠጣች?»

«ኮሶ።»

«ማን ለካላት?»

«እኔው።»

ሼሁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አለቃ፣ አራተኛዋን ጣት ጠይቀዋታል?» አሉ። አለቃም የራሳቸውን እጅ አዩ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያላወቁትንም በዚያች ሰዓት አወቁ። በዚህ ጊዜ የሼሁ ሚስት አሚናት፣ የከተማው ሁሉ አዋላጅ የሆነችው፣ ከጓዳ ነጠላዋን እየተከናነበች ወጣችና፣ «እናንተ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ልጅቷ ደሟ እየፈሰሰ እዚህ ቆማችሁ ትመራመራላችሁ? በሉ መንገድ ልቀቁልኝ!» ብላ በመካከላቸው አልፋ ሄደች።

አለቃ በገዛ ቤታቸው ውስጥ ከመጋረጃው ወዲህ ቀርተው ሳለ፣ ከወዲያ የሚባለው ሁሉ ይሰማቸው ነበር። አሚናት የብርቅነሽን ሆድ እያሸች፣ «ስንት ወርሽ ነበር፣ የኔ ልጅ?» አለቻት።

«ሦስተኛውን ይዤ ነበር።»

«አንቺ! የኮሶ ቤት ልጅ ሆነሽ ይህን ሳታውቂ? ለምን ለአባትሽ አልነገርሽም?»

ብርቅነሽም በደከመ ድምፅ፣ «ሴቱን ሁሉ ይጠይቃል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከግድግዳው ኋላ ስሰማው ነው ያደግሁት። እኔን ሳይጠይቀኝ ሲለካልኝ፣ አይቶ ዐውቆታል፣ እንደማይጎዳኝም መርምሮ ነው ብዬ አመንሁት» አለች።

ተከትለው የመጡት ሼህ ይማም ሌላ መድኃኒት እንዳይጨመርባት ከለከሉ፤ ውኃና ስስ አጥሚት ብቻ አዘዙላት። ጽንሱ በዚያው ቀን ወረደ፤ ደሙ ግን በሦስተኛው ቀን ቆመ፤ ብርቅነሽም በአርባኛው ቀን በእግሯ ወደ ባሏ ቤት ተመለሰች። ባሏ የሆነውን ከአለቃ አንደበት ሰማ፤ አለቃ አንድ ቃል አልደበቁትም። ከዚያ ወዲያ የአለቃ ቤት ሰው ቢታመም ወደ ማዶ ይላካል፤ የሼሁ ቤት ሰው ቢታመም ወደዚህ ይመጣል፤ ስለዚህ ነገር ሁለቱ ሽማግሌዎች ቃል ኪዳን አልጻፉም፣ ምስክርም አልቆጠሩም፤ እንዲያው ሆኖ ቀረ። የገበያው ፌዝም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጥ አለ፤ ሰውም ምክንያቱን ያውቅ ስለ ነበር አልጠየቀም።

ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ አለቃ ራሳቸው ትል አሠቃያቸው። መድኃኒቱ በገዛ መደርደሪያቸው ላይ ሞልቶ ሳለ፣ በብርቅነሽ ትከሻ ተደግፈው ወደ ማዶ ተሻገሩ፤ እርሷም የሁለት ወር ሴት ልጅ አዝላ ነበር። በሼሁ ፊት በተቀመጡ ጊዜ፣ «ለሌላው የሚጠየቀው ሁሉ ለእኔም ይጠየቅ፤ አንድም አይቅር» አሉ። ሼሁም እንደ አለቃ ሥርዓት የራሳቸውን ቀኝ እጅ ጨበጡ፤ ስለ እህል ጠየቁ፣ ስለ ልብ ጠየቁ፣ ስለ ወሩ ጠየቁ፤ ሦስት ጣትም ከፈቱ። በአራተኛዋ ላይ ቆም ብለው፣ «ሁሉንም ነው ያሉኝ?» አሉ።

«ሁሉንም።»

«እንግዲያስ፣ አለቃ፣ ነፍሰ ጡር ነዎት?»

አሚናት ከጓዳ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ብርቅነሽም በእጇ አፏን ሸፈነች። ሼሁ ግን አልሣቁም፤ አለቃም አልሣቁም፤ ነገር ግን በልጃቸው ጀርባ ላይ የተኛችውን ሕፃን አሻግረው አይተው፣ በታላቅ ትሕትና፣ «አይደለሁም» ብለው መለሱ፤ አራተኛዋም ጣት ተከፈተች። ሐኪም ለገዛ ቤቱ ሰው ሊሰጠው የሚችለው የተመረጠ መድኃኒት፣ ፍቅር ያፈረችበትን ጥያቄ የሚጠይቅለትን ባዕድ ፈልጎ ደጁን ማንኳኳት ነው።