ሲበራ የሚጮኸው አምፕ

ጊታሪስቱ የእህቱን የጥገና ሱቅ በር በትከሻው ገፍቶ ሲገባ ጠዋት ነበር፤ እሷ ገና መስኮቶቹን መክፈቷ ነው። ያቀፈውን አምፕሊፋየር ጠረጴዛው ላይ ሲጥለው ካቻቢቴዎቹ ተንጫጩ። የቀኝ እጁ አንጓዎች አብጠዋል፤ የአንዱ ቆዳ ተገሽልጦ ደሙ ደርቆበታል። አየችው፤ አልጠየቀችውም። ከልጅነቱ ጀምሮ እጁን አይታ ውሎውን ስለምታውቅ መጠየቁን ከተወች ቆይታለች።

እሱ ግን ሳይጠየቅ ተናገረ። ትናንት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ መድረክ ላይ አምፑን ቢያበራው እንደ ጥይት ጮኸ። ቀጥሎ የጋለ ዘይት ላይ ውሃ እንደተረጨ ተንጣጣ፤ ከዚያ ደግሞ እንደተመታ ውሻ አላዘነ። ሰው ጆሮውን ያዘ፤ ከፊት የተቀመጡት ሳቁ። ትንሽ ሲሞቅ ምንም እንዳልሆነ ጸጥ አለ፤ የሰዎቹ ሳቅ ግን ከጆሮው አልወጣም። ሰሞኑን ሲበራ ሁሌ እንዲህ ያደርገዋል። የጀመረው ደግሞ ከድራመሩ ጋር ከተጣሉ ወዲህ ነው።

ድራመሩን ሰው ሁሉ ቀጮ ይለዋል። ከጊታሪስቱ ጋር በአንድ ግቢ ያደገ፣ ከአንድ ድስት የበላ ነው፤ የጊታሪስቱና የእህቱ እናት ልጄ እያለች ነው የምትጠራው።

«ቀጮ ውስጡ የሆነ ነገር ከቶበታል» አለ ጊታሪስቱ። «አውጪልኝና ለሰው ሁሉ ላሳይ።»

ቀጮ የት እንዳለ ጠየቀችው። የት አባቱ እንደገባ አላውቅም ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እሷም ሥራዋን ጀመረች። የኋላውን ክዳን ፈታች፤ አምፑን ሰካችና አበራችው። እንዳለውም ጮኸ፤ ተንጣጣ፤ አላዘነ። የመስታወት ቲዩቦቹ ቀስ በቀስ ቀልተው ሲግሉ ድምፁ ራሱ ጠፋ። አጠፋችው፤ እስኪበርድ ጠበቀች፤ መልሳ አበራችው። ያው ነው። ቲዩቦቹን አንድ በአንድ እየነቀለች ደህና መሆናቸውን በምታውቃቸው ተካቻቸው። አሁንም ያው። ከዚያ በቀጭን እንጨት ጫፍ እያንዳንዳቸውን ቀስ ብላ ነካ ነካ አደረገች። ከጊታሩ ገመድ መግቢያ አጠገብ ያለውን ስትነካው አምፑ አጓራ። ቲዩቡ ደህና መሆኑን ስለምታውቅ ጥፋቱ የእሱ ሊሆን አይችልም፤ የተሰካበት ሶኬት ነው።

ወንድሟ እጁን ሊከት ሲጠጋ ገፋ አደረገችው። ገመዱ ቢነቀልም ኤሌክትሪኩ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ተጠራቅሞ እንደሚቆይ፣ ሰው እንደሚገድልም ነገረችው። እሷው የተጠራቀመውን አፍስሳ የብረት ሳጥኑን ገለበጠችና በአጉሊ መነጽር አየች። ከሶኬቱ እግሮች አንዱ ላይ ብየዳው ዙሪያውን ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ተላቅቋል። ሲቀዘቅዝ ይከፈታል፤ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጥና ይገጥማል። ይኸው ነው። ልትበይደው መበየጃውን ሰክታ እንዲግል ተወችው። ከዚያ የእንጨቱን ሳጥን አገላብጣ አየች። የታችኛው ጥግ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ የጫማ ሶል ጥቁር ምልክት አለበት፤ አንድ ቦታ ሳይሆን ተደራርቦ።

«ማንም ምንም አልከተተበትም» አለችው። «ብየዳው ተሰንጥቋል። የሰነጠቀው እርግጫ ነው።»

«የማን እርግጫ?»

«ያንተ።»

ልምምድ ላይ ነገር ሲበላሽበት አምፑን እንደሚራገጥ ራሱ ያውቃል። የጫማውን ምልክት በጣቱ ነካ።

«እትዬ፣ ቀጮ አልነካሁም ይለኝ ነበር» አለ። «እያለኝ መታሁት።»

ከዚያ የሆነው ሁሉ ተግተልትሎ ወጣ። ዝግጅቱ ሲያልቅ ቀጮን ከአዳራሹ ጀርባ ወንበር ወደሚከማችበት ክፍል ወስዶ በማይክ ማቆሚያ ብረት ደበደበው። ቀጮ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። ቀጥሎ ማለ፤ ቀጥሎ ለመነ። ብረቱ ሲጣመም ጊታሪስቱ በቡጢ ቀጠለ። ቀጮ መልስ መስጠቱን ሲያቆም በሩን ከውጭ ቀርቅሮበት ሄደ። እስካሁን እዚያው ነው።

እህቱ የጋለውን መበየጃ እንኳ ሳትነቅል ወደ በሩ ተራመደች። ቀድሟት በሩን በጀርባው ዘጋ። ከተገኘ እኔ አለቀልኝ፣ ትንሽ እንጠብቅ፣ ምናልባት ራሱ ተነስቶ ይሄዳል አለ። ዞር በል አለችው። አልዞረም። በክርኗ ስትገፋው አንገቷን ያዘ። እየገፋ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ አጋደማት፤ ጭንቅላቷ የአምፑ የብረት ሳጥን ላይ ሲያርፍ ዓይኗ ጨለመ። ፊቱ ፊቷ ላይ ነበር፤ እያለቀሰ ነው የሚያንቃት። እጇ ጠረጴዛውን ዳበሰ፤ ፒንሳውን ጣለ፤ የመበየጃውን እጀታ አገኘ። የጋለውን ጫፍ ጉንጩ ላይ ተከለችው። ሥጋው ቸስ አለ። ሲለቃት ደግማ አንገቱ ላይ አሳረፈችው፤ ጮኾ ተንበረከከ፤ በላዩ ላይ ተራምዳ ወጣች።

ጎረቤቷ ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ ከጭንቅላቷ የሚወርደውን ደም አይቶ ምን ሆንሽ ሲላት መኪናህን አስነሳ ብቻ አለችው።

አዳራሹ ደርሰው የተቀረቀረውን በር ሲከፍቱ ቀጮ ከተደረደሩት ወንበሮች ሥር ነበር። አገጩ ከቦታው ወጥቷል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ ራሱን ሲከላከልባቸው የነበሩት ጣቶቹ ወዳልሆነ አቅጣጫ ዞረዋል። ወለሉ ላይ እስከ በሩ የተጎተተ የደም መስመር ነበር፤ በሩ ላይም የመዳፍ አሻራ። ጎማ ጠጋኙ ጆሮውን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ እሷ ትንፋሿን ይዛ ቆመች። በሕይወት አለ አላት።

ፖሊሶች ወደ ሱቁ ሲሄዱ ጊታሪስቱ አልሸሸም ነበር። አምፑ ፊት ቁጭ ብሏል። እንደ ምንም ሰክቶት ኖሮ ያበራዋል፤ ይጮኻል፤ ያጠፋዋል፤ እስኪበርድ ይጠብቅና መልሶ ያበራዋል። እጁን ሲይዙት አንዴ ብቻ ልስማው አላቸው።

እናታቸው ሆስፒታል ድረስ መጥታ ልጇን ለመነቻት። ጭንቅላትሽን ወድቄ ነው በይ፣ የነገረሽንም አልሰማሁም በይ፣ ወንድምሽ እኮ ነው አለቻት። ሴትየዋ የእናቷን እጅ ይዛ ቀጮ ወደተኛበት ክፍል ወሰደቻትና በሩን ከፈተችላት። እናትየው ገባች፤ አየች፤ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሴት ልጇን አላነጋገረቻትም። ሴትየዋም ፍርድ ቤት ቀርባ ወንድሟ የነገራትን ሁሉ፣ አንገቷን ማነቁንም ጭምር ተናገረች። ስትናገር አንዴም ወደ እሱ አልተመለከተችም። ተፈረደበት።

ቀጮ አገጩ በሽቦ ታስሮ ብዙ ከረመ። ሁለቱ ጣቶቹ ከእንግዲህ አይታጠፉም፤ የከበሮ ዱላ መያዝ አበቃለት። እሷ ሾርባ እያመጣች በቱቦ ስታጠጣው ቀናቱ አለፉ። ሽቦው የተፈታለት ዕለት በተኮላተፈ አንደበት የጠየቃት አምፑ ምን ሆኖ እንደነበር ነው። ነገረችው። ትራሱን አስተካከለ።

«አንቺን ምንም አልልም» አለ። «ግን ከጎን ሲያዩሽ እሱን ትመስያለሽ። ለጊዜው ባትመጪ ይሻለኛል።»

ተነስታ ባዶውን ሳህን ያዘች። ከዚያ በኋላ ሾርባውን ራሷ ትሠራለች፤ የሚያደርስላት ጎማ ጠጋኙ ነው። ሲመለስ ቀጮ በልቶ እንደሆነ ብቻ ትጠይቀዋለች።