ሻይ የለም

የሹፌሩ ሚስት ቤት ከድልድዩ ማዶ ነው፤ ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት ከነበረው ጉድጓድ አጠገብ ብቻውን ቆሟል። ሹፌሩ እዚያ የሠራው ለጭነት መኪናው ሰፊ ማቆሚያ ፈልጎ ነው፤ ሰው ይኖርበታል ብሎ አስቦ የሠራው አይመስለኝም። መኪናው ግን ግቢው ውስጥ ውሎ አያውቅም። ሚስቱን ከሩቅ አምጥቶ አስቀመጣት፣ ወንድ ልጅ ወለደችለት፣ እሱ ጭነቱን ይዞ ሄደ። አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ አድሮ ጠዋት ጡሩምባውን ይነፋና ውልቅ ነው።

እኛ የመንደሩ ሴቶች የምንውለው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ነው። ቦሎቄ እንለቅማለን። ሰፌድ ጭናችን ላይ አድርገን የተሰበረውን፣ የጠቆረውንና ጠጠሩን እናወጣለን፤ ጥሩው ጆንያ ይገባል። እጅ እንጂ አፍ ሥራ ስለማይዝ፣ ወሬም እዚያው ይለቀማል። እኔን እሳቷ ይሉኛል። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይታችሁ ትረዱታላችሁ።

ሲስተር የምንላት የጤና ጣቢያዋ ነርስ አንድ ቀን ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መጋዘኑ ድረስ መጣች። ሴት የት እንደሚገኝ ታውቃለች።

«የሹፌሩን ሚስት ታውቋታላችሁ?» አለች።

«በዓይን» አልናት።

«ልጁን ልታስከትብ መጥታ ነበር። ልጁ ደህና ነው። እሷ ግን ደህና አይደለችም። ከስታለች፤ አንድ ነገር ስጠይቃት መልሱ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ‹ለመጨረሻ ጊዜ ከሰው ጋር የተጫወትሽው መቼ ነው?› ብላት አሰበች፣ አሰበችና ‹ከልጁ ጋር እጫወታለሁ› አለችኝ።»

ሁላችንም ልጅ አሳድገናል። ግን ያሳደግነው በእናት፣ በአክስትና በጎረቤት መሃል ነው፤ ልጅ ባለቀሰ ቁጥር ከአጥር ማዶ «ምን ሆነ?» የሚል ሰው አይጠፋም ነበር። ጆንያውን የሚመዝኑት እማማ ሚዛን፣ በዕድሜም በቃልም የሁላችን የበላይ ናቸው፤ «ነውር ነው!» አሉ። «ከአፍንጫችን ሥር አንዲት ልጅ ብቻዋን እያለቀች እኛ እዚህ እንቀልዳለን!» ወዲያው ተራ አወጡልን። በየቀኑ አንድ አንድ ሰው እየሄደ ሊጠይቃት ሆነ። ለእኔ ማክሰኞ ደረሰኝ።

እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ነገር ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ልብሴን ቀይሬ፣ ጫማዬን ወልውዬ ድልድዩን እሻገራለሁ። ቤቱ ገና ከደጁ ያበራል። ሲሚንቶው ታጥቦ ገና አልደረቀም። ያላትን አንድ ደህና ወንበር በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ታቀርብልኛለች። ከዚያ ትሪው ይመጣል፤ የላዩ አበባ በእጥበት ብዛት ደብዝዟል። ብርጭቆ፣ ስኳር፣ ሻይ በፔርሙዝ። አፉ የተሸረፈው ብርጭቆ ሁልጊዜ የእሷ ነው። ልጁን አዝላ ከምድጃ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ምድጃ ትመላለሳለች። ልጁ በትከሻዋ ላይ ግንባሩን ቋጥሮ ሰውን ሽቅብ ቁልቁል ስለሚመረምር ዳኛው ብለነዋል። እኔ ተቀምጬ ስለ ልጅ አስተዳደግ የማውቀውንም የማላውቀውንም አዘንብባታለሁ። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ አረፍ በይ!» እላታለሁ፤ ብርጭቆዬን ድገሚኝ ብዬ እየዘረጋሁ።

መጋዘን ስንመለስ ደግሞ እንወዳደራለን። አንዷ «ለእኔ ብስኩት አቀረበችልኝ» ትላለች። ሌላዋ «ለእኔ ትኩስ ዳቦ» ትላለች። «ጨዋ ልጅ ናት፣ አንድ ደቂቃ አትቀመጥም» ብለን ሁላችንም እንስማማለን። ነፍስ የምናድን መስሎን ነበር።

ከዕለታት አንድ ማክሰኞ በሩ ተዘግቶ ጠበቀኝ። አንኳኳሁ። ከውስጥ ዳኛው ያለቅሳል፣ እሷ እሹሩሩ ትለዋለች። ደግሜ አንኳኳሁ። እሹሩሩው ቆመ። በሩ ግን አልተከፈተም። ጫማዬን ወልውዬ በቁሜ ቀረሁ። ደሜ ፈላ። መጋዘን ስደርስ የሰኞዋም ተራኛ እንዲሁ ተመልሳ፣ አፍራ ዝም ማለቷን ሰማሁ።

«ትዕቢት ነው!» አልኩ። «ባሏ መኪና ስላለው ነው።»

«መኪናው እኮ የድርጅቱ ነው» አለች አንዷ።

«ይባስ!» አልኳት።

በዚያው ሳምንት ሲስተር ተመልሳ መጣች። ፊቷ ቅጭም ብሏል፤ የሰጠናትን ወንበር እንኳ አላየችውም።

«ይህን ለእናንተ መናገር አልነበረብኝም፤ ግን ጊዜ የለም» አለች። «የሹፌሩ ሚስት መጥታ ጡቴን እንዴት ነው የማደርቀው አለችኝ። የባሏ እህት እሑድ ከከተማ መጥታ ልጁን ልትወስደው ነው። ሱቅ አላት፣ ልጅ የላትም፤ እኔ ላሳድገው ብላ ለወንድሟ ነገረችው። እናትየዋም እሺ ብላለች።»

«እሺ አለች?» አሉ እማማ ሚዛን።

«‹እኔ አልቻልኩበትም፤ አለመቻሌን ደግሞ ሰው ሁሉ አየው› ነው ያለችኝ።»

በማግስቱ ተራዬ ሳይሆን ሄድኩ። ልቆጣት ነው የሄድኩት፤ እናት ልጇን እንደ ትርፍ ዕቃ ታስረክባለች ወይ ልላት። ግን ሰኞ የገዢው መኪና ይመጣል፣ ቦሎቄዬም ገና ግማሹ አልተለቀመም፤ ሥራ ፈትቼ መዋል አልችልም። ጆንያውን ተሸክሜ፣ ሰፌዱን በብብቴ ይዤ ድልድዩን ተሻገርኩ። የፊት በሩን ዳግመኛ ማንኳኳት ስላንገፈገፈኝ በጓሮ ዞርኩ።

የጓሮው በር ክፍት ነበር። ያ የማውቀው የሚያበራ ቤት የለም። ያልታጠበ ጨርቅ ተቆልሏል፣ ብርጭቆዎቹን ዝንብ ወሯቸዋል። እሷ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ዳኛውን ታቅፋ መሬት ተቀምጣለች። ስታየኝ ክው አለች፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዤባት የመጣሁ ይመስል። ብድግ ብላ ማንቆርቆሪያውን አነሳች፤ ባዶ ነው። ጀሪካኑን አነሳች፤ እሱም ባዶ ነው። ያኔ ፈነዳች።

«ሻይ የለም!» አለች። «ስኳር የለም! ውሃ የለም! ቤቱን አልጠረግሁም! ይሂዱልኝ፣ እትዬ! በእናትዎ ይሂዱልኝ!»

በዚያ ሁሉ ቁጣ መሃል እንኳ እርስዎ ማለቱን አልተወችም።

«ሻይ ማን ጠየቀሽ?» አልኩ፤ እኔም ቱግ ብዬ።

«ሁላችሁም! እናንተ ሳትመጡ ብቸኛ ነበርኩ፤ ግን ልጁ ሲተኛ እኔም እተኛ ነበር። አሁን እሱ ሲተኛ ወለል አጥባለሁ። ውሃው ከድልድዩ ሥር ነው፤ እሱን አዝዬ እመላለሳለሁ። እናንተ ትቀመጣላችሁ፣ ትመክሩኛላችሁ፤ ስትሄዱ መሽቷል፣ እኔ እህል አልቀመስኩም። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ይመጣል። ሁላችሁም ልጅ አሳድጋችሁ፣ ቤታችሁን ይዛችሁ፣ ሥራ ውላችሁ ትመጣላችሁ። እኔ አንድ እንግዳ መቀበል አቃተኝ። እንግዳ መቀበል ያቃታት ሴት ልጅ ታሳድጋለች?»

ማክሰኞ ማክሰኞ ድገሚኝ እያልኩ የዘረጋሁት ብርጭቆ ትዝ አለኝ።

ዞር ብዬ መሄድም ቃጥቶኝ ነበር። ግን ጆንያው ትከሻዬን ገንጥሎታል። ደጃፉ ላይ አወረድኩት፣ መሬት ተቀመጥኩ፣ ሰፌዴ ላይ ቦሎቄ ዘረገፍኩ።

«ሻይ ልጠጣ አልመጣሁም» አልኩ። «ሥራ ይዤ ነው የመጣሁት። ቤቴ ጨለማ ስለሆነ ጠጠሩ አይታየኝም።»

ውሸቴን ነው፤ ቤቴ ሁለት መስኮት አለው።

እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጨንቋት ቆመች። ቀና ብዬም አላየኋት፤ ለቀማዬን ቀጠልኩ። ቆይታ ዳኛውን ከአጠገቤ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠችው። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ ለካ ገና ልጅ ናት። አንጀቴን በላችው። ዳኛው ግንባሩን ቋጥሮ አየኝና አንድ ቦሎቄ አንስቶ ወደ አፉ ሲልክ እጁን ያዝኩት። «ክቡርነትዎ፣ ይህ አይበላም» አልኩት። ፀሐይዋ ወደ ግድግዳው እስክትዞር ድረስ እሷ ተኛች፣ እኛ ሁለታችን ቦሎቄ ለቀምን።

ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለመጋዘኑ ነገርኩ። እማማ ሚዛን አልተዋጠላቸውም።

«ሰው ቤት ገብቶ ምንም ሳይቀምሱ መውጣት ባለቤቱን መናቅ ነው» አሉ።

«እንግዳ ከሆኑ ነዋ» አልኳቸው። «ሥራ ይዘን እንሂድ። ለለቃሚ ሻይ የሚያፈላ ማነው? እዚህ ስንውል ማን አፍልቶልን ያውቃል?»

ሁሉም ሳቁ፤ መጨረሻ ላይ እማማ ሚዛንም ሳቁ። መጋዘኑ እሑድ ዝግ ነው፣ የገዢው መኪና ደግሞ ሰኞ ይመጣል፤ ያ ሁሉ ቦሎቄ የት ይለቀማል? የሹፌሩ ግቢ እንዲያ ሰፊ ሆኖ ሳለ! ሲስተር ከበሩ ሆና ስታዳምጥ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች። «ልጅሽን ስጪ፣ አትስጪ የሚል ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ። እሱን እሷ ትናገረው።» ይህን ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

እሑድ ጠዋት ጆንያዎቻችንን ይዘን በጓሮ ገባን። እኔ ቀደም ብዬ ስለደረስኩ ጀሪካኗን ይዤ ወደ ድልድዩ ሥር ወርጄ ነበር። ሸራ አነጠፍን፣ መሬት ተቀመጥን፣ ማንም ወደ ቤት አልገባም። የሹፌሩ ሚስት መጀመሪያ ማንቆርቆሪያው ዙሪያ ዞር ዞር አለች። እማማ ሚዛን «ነይ እዚህ፣ ይህንን ልቀሚ» ብለው ሰፌድ ሰጧት። ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ አንዷ በተናገረችው ቀልድ ሳቀች፤ ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆኖባት አፏን ያዘች። ልጁ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይዞራል። ከበሩ አጠገብ ግን ልብሱ በፌስታል ታስሮ ተቀምጧል። ሁላችንም እያየን አላየንም።

የባሏ እህት እኩለ ቀን ላይ ከአውቶቡስ ወርዳ መጣች። ቦርሳዋ ውስጥ የቆርቆሮ ወተት፣ ጡጦና አዲስ የሕፃን ባርኔጣ አለ። ልጠላት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለጥላቻ ግን አልተመቸችኝም። ዳኛውን ከእማማ ሚዛን እጅ ተቀብላ እግሩን ሳመችው፣ ባርኔጣውን አጠለቀችለት፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያ ደህና ወንበር ውጭ ነበርና ተቀመጠችበት። ዙሪያዋን አየች፤ የተቆለለ ጨርቅ፣ ያልታጠበ ብርጭቆ፣ መሬት የተዘረገፉ ሴቶች።

ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ርቦታል።

«ውሃ አፍልተሽ አምጪልኝ፣ እህቴ» አለች የባሏ እህት። «ወተቱን ልበጥብጥለት። ከአሁኑ ይልመደው።»

እጆቻችን ሰፌዱ ላይ ቆሙ። የሹፌሩ ሚስት ብድግ አለች፤ ያው ልማዷ ነው። እኔ ምላሴን ነከስኩ፤ የሲስተር ቃል ባይኖር ኖሮ ያን ቀን መንደሩ በሙሉ ይሰማኝ ነበር። ልጅቷ ማንቆርቆሪያውን አየች፣ ፌስታሉን አየች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። የቦሎቄውን አቧራ ከእጇ አራገፈችና ሁለቱንም ክንዶቿን ዘረጋች።

«ውሃ የለም፣ እትዬ» አለች። «ልጄን ይስጡኝ።»

የባሏ እህት ወደ እኛ ዞረች። ማናችንም አልተነሳንም። ዳኛው ጮኸ። ሴትዮዋ ልጁን አመጣችላት። ልጁ ጡቱን ሲይዝ ለቅሶው ቆመ። ሴትዮዋ ባዶ ጡጦ ይዛ መሃላችን ቆማ ቀረች።

«አልጋ ገዝቼለት ነበር» አለች።

አዘንኩላት። ከልቤ ነው ያዘንኩላት። የሹፌሩ ሚስትም አለቀሰች፤ ልጇን ግን አጥብቃ ይዛዋለች።

«ይቀመጡ፣ እትዬ» አለቻት። «መጥተው ይዩት፤ በመጡ ቁጥር ይቀፉት። ሰፌድ ስጧቸው።»

ሰፌድ ሰጠናት። የከተማ ቀሚሷን ሰብስባ መሬት ተቀመጠች፣ አውቶቡሱ እስኪመለስ ድረስም ለቀመች። ጥሩውን ከመጥፎው ጋር ትጥለዋለች፤ በኋላ መልሰን ለቀምነው፣ ለእሷ ግን የነገራት የለም። ስትነሳ ባርኔጣውን ከልጁ ራስ አላወለቀችውም። በሩ ጥግ ያኖረችውን ቦርሳዋን ልታነሳ ሄደች። እዚያ፣ ከልብሱ ፌስታል ጎን፣ ጠዋት እኔ ያመጣሁት ጀሪካን እስከ አፉ ሞልቶ ቆሟል። አየችው። ዞር ብላ የወንድሟን ሚስት አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ፌስታሉን ፈታችና የልጁን ልብስ አንድ በአንድ እያወጣች የእናቱ አልጋ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠችው።