ዘይት ያልገባበት ቤንዚን

ሞተሯ ዳገቱን አጋምሳ ሳለች ሲጥ ብላ ጮኸችና የኋላ ጎማዋ ተያዘ። ከኋላ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ የባሏን ወገብ አንቃ ያዘች። ጡረተኛው ፖስተኛ ግን የእጁ ልምድ አልከዳውም፤ ፍሪሲዮኑን ጨምቆ ጎማውን አስለቀቀና ጥግ አስያዛት።

"ደህና ነሽ?"

"እኔስ ደህና ነኝ። እሷ ምን ሆነች?"

ወርዶ ጎንበስ ብሎ ሞተሯን ያይ ጀመር።

ከረጅም ሕመሙ በኋላ የመጀመሪያ ሽርሽራቸው ነበር። አሮጌዋ ቱ ስትሮክ ሞተር በዕድሜ ከትዳራቸው ትበልጣለች። ሚስትየዋ "ጣውንቴ" ነው የምትላት፤ ቀልዱ ቁም ነገርም አለው። ጭሷ የታጠበ ልብሷ ላይ፣ ጥቁር ዘይቷ ምንጣፏ ላይ፣ ባሏ ደግሞ እሁድ እሁድ እሷው ሥር ነው። ልጃቸው "ትሸጥ" ባለ ቁጥር ልቧ ከልጇ ጋር ነበር። ሰውየው አልጋ ከያዘ ወዲህ ግን ሸራ ለብሳ ጓሮ የቆመችው ሞተር አንጀቷን በላቻት። ትላንት ማንንም ሳታማክር ከማደያ በጀሪካን ቤንዚን ቀድታ መጣችና ታንከሯን ሞላችው። ደግ ሥራም አዋቂ ይፈልጋል።

ልጃቸው በስልክ ተጠርቶ መጣና ሞተሯን እየገፋ ግቢ አስገባት። አባትየው ራሱ መፍቻውን አንስቶ ሲሊንደሩን አወጣ። የፒስተኑ ጎን ድመት የቧጠጠችው ይመስላል። ጣቱን ቤንዚኑ ውስጥ ነከረና አሸት አሸት አደረገው።

"ዘይት የለውም" አለ።

የዚህች ዓይነት ሞተር ዘይቷን የምታገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ አለዚያ ብረት ከብረት ይበላላል። ይህን ለሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ያስተማረው እሱ ነው።

"አባዬ፣ ሳትቀላቅል ነው የሞላኸው?" አለ ልጁ።

"ከመታመሜ በፊት ቤንዚኑን ያራገፍኩት መስሎኝ ነበር። ጠዋት ሙሉ ሆኖ ሳገኘው ገረመኝ። ለካ ሞልቼው ኖሯል። ዘይቱንም ረስቼዋለሁ ማለት ነው።"

"እኔስ የምልህ ይኼንኑ አይደል? ዛሬ ዘይት ረሳህ፣ ነገ ፍሬን ብትረሳስ? ቁልፉን ስጠኝና እንሽጣት።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን አባትየው ግቢውን ቀውጢ ባደረገው ነበር። አሁን ግን ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። "እውነትክን ነው። ጭንቅላቴ ከድቶኛል" አለ።

ሚስትየዋ ብሎኖቹ የተጠራቀሙበትን ጣሳ ይዛ ቆማለች። ስትመኘው የኖረችው ነገር ያለ ጭቅጭቅ ደጇ ድረስ መጣላት። ዝም ካለች ሞተሯ ትሄዳለች፤ የሚጠይቃትም የለም። ባሏ ግን ፒስተኑን ትቶ መዳፎቹን ያያል፤ ገና ዛሬ የተዋወቃቸው ይመስል። አፈረች። ከማፈሯም በላይ አሳዘናት።

"እኔ ነኝ የሞላሁት" አለች።

ሁለቱም ዞር አሉ።

"ትላንት፣ አንተ ተኝተህ። ደስ ይበለው ብዬ ነው። ጠዋት ስትገረም ዝም ያልኩህ ሽርሽራችንን ስንጨርስ ልነግርህ አስቤ ነው። ዘይት እንደሚቀላቀልበት አላወቅኩም።"

ባሏ ወደ እሷ ጠጋ አለ። "ስትሞዪው ባዶ ነበር?"

"ጠብታ አልነበረበትም። አራግፈኸዋል።"

ሰውየው መሬት ላይ ዘርፈጥ ብሎ ተቀመጠና በዘይት የቆሸሸ ክንዱን ዓይኑ ላይ አደረገ። ይሳቅ ይልቀስ አልታወቀም።

"እማዬ፣ ያም ሆነ ይህ ፒስተኑ እኮ ተበልቷል" አለ ልጁ ቀስ ብሎ። "እንኳን ዛሬ ዱሮም አይገኝ።"

"ይፈለጋል" አለች፤ ጣሳውን ከባሏ አጠገብ አስቀመጠች። "አንተ ቁልፉን ለአባትህ መልስ።"