ለተዋበች የተሠራው የእጅ ሹራብ

እኅቴ ጥሩሐረግ ያላት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱንም ከጎረቤት ጋር ተካፍላዋለች። ተካፈለች የምለው እኔ ነኝ። እሷ ብትሰማኝ "ተቀማች በይ እንጂ!" ብላ ትቆጣኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምስክር እንደተወለደ እኅቴ ጡቷን ታመመች። አብጦ መግል ይዞ ነበር፤ ልጁ አፉን ባስጠጋ ቁጥር እየጮኸች ግድግዳውን ትቧጥጣለች። ከአጥራችን ማዶ የምትኖረው ተዋበች ደግሞ በዚያው ሰሞን የራሷን ሕፃን ቀብራ ነበር፤ ጡቷ እየፈሰሰ ቀሚሷን ያርሰዋል። ማንም ሳይጠራት መጣች፤ ልጁን ከእኅቴ እቅፍ አንሥታ አጠባችው። በእግሩ እስኪሄድ ድረስ አጠባችው። ለዚህ ውለታዋ እኅቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም።

ልጁ አፉን ሲፈታ እኔ ስጠራት እየሰማ ወላጁን "እቴ" አላት። ተዋበችን ግን "እምዬ" አለ። ይህም አልበቃ ብሎ ተዋበች የኽምራ አገዎችን ቋንቋ፣ ኽምጣንጋን አስተማረችው። እሷ የኽምራ ልጅ ናት፤ እኛ ግን ከላስታ በኩል መጥተን ሰቆጣ የገባን ነንና ከገበያ ቃል በቀር አንሰማም። ሁለቱ አጥር ሥር ቆመው በዚያ ቋንቋ ሲሳሳቁ እኅቴ ጓዳ ገብታ ድስት ታንኳኳለች።

"ምን እያሉ ነው?" ትለኛለች።

"ስለ ዶሮ ነው" እላታለሁ፣ እኔም ሳልሰማ።

"ስለ ዶሮ እንዲህ አይሳቅም!"

ምስክር አድጎ መምህር ሆነና ደሃና ተመደበ። በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ለፋሲካ እረፍት ሲመጣ እኅቴ ሁዳዴን በሙሉ ያችን ቀን ስትጠብቅ ከርማ ነበር። ሽንኩርቱን ራሷ ከተፈች፤ እኔን እንኳ አላስነካችኝም። ልጁ ግን ከመናኸሪያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የተዋበችን በር ነው፤ ገባ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሆዱን እያሻሸ ነበር። "እምዬ አጉርሳ አጉርሳ ገደለችኝ" አለ እየሳቀ። በዚያው አፉ የምሥራች ነገረን፤ አብራው የምታስተምረውን ኤደንን ለጥር ሊያገባ ነው። እኅቴ ዕልል ማለቱንስ አለች። እሱ ጋደም ሲል ግን ድስቱን በሁለት እጇ አንሥታ ወጣችና ወጡን ከነዶሮው አመድ ላይ ደፋችው። የሠፈር ውሻ ሁሉ በኛ ቤት ፈሰከ።

"አበድሽ?" አልኳት።

"በጥር የማንን ጉልበት አስቀድሞ የሚስም ይመስልሻል?" አለችኝ።

አባቱ የሞተው እሱ ገና ድክ ድክ ሲል ነው። ስለዚህ በሠርጉ ቀን ጉልበት የምታስም እኅቴ ብቻ ነበረች፤ ተዋበች ባትኖር። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም። ሰው ሰላም ሲላት እንኳ ጉልበቷን ይዛ ነበር የምትመልሰው።

በፍልሰታ ንስሐ ገባች። የነፍስ አባታችን ቄስ ገብረ አማኑኤል የወጡን ነገር ሲሰሙ "የፋሲካን ወጥ?" ብለው አማተቡ አለችኝ። ስግደት ይሰጡኛል ብላ ስትጠብቅ እሳቸው ሌላ አሰቡ።

"ለስግደትማ ጉልበት አለሽ" አሏት። "ተዋበችን ብርዱ ጣቶቿን እየጎዳት ነው። በገዛ እጅሽ የእጅ ሹራብ ሠርተሽ ስጫት። ከሷ በቀር ማንም አይወቅ። እኔ ነኝ የሠራሁላት ብለሽ አደባባይ ካወጣሽው ቀኖናሽ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።"

"አባቴ፣ ስግደቱን ይጨምሩብኝ" ብላ ለመነች። እምቢ አሏት።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ እዚያው ቀን ነው። "ለእኅት መንገር መንገር አይባልም" አለች። እኔም አይባልም አልኳት፤ ምን ልበል!

ከገበያ ያረጀ ሰልባጅ ሹራብ ገዝታ መጣች፤ መልኩ የአይጥ። ተረተረችው፤ ክሩን አጥባ እንዲፍታታ ወንበር ላይ ጠመጠመችው። "ለሷ ይበቃታል" አለች። ኪሮሹን ይዛ ከእጅ አንጓው ጀመረችና ትንሽ እንደሄደች አቆመች። እያገላበጠች አየችው። እኅቴ ዳንቴል ሠሪ ናት። በሰቆጣ ሶፋውም፣ ራዲዮኑም፣ ቴሌቪዥን ያለው ቴሌቪዥኑም የሷን እጅ ለብሶ ነው የሚኖረው፤ ዓይን ያላት ሴት ሁሉ ከሩቅ አይታ "ይኼ የጥሩሐረግ ነው" ትላለች። ያን የአይጥ ክር ፈታችና ጣለችው። በማግስቱ ከሱቅ ወይን ጠጅ መልክ ያለው አዲስ የሱፍ ክር ይዛ ገባች።

"ለሷ ብዬ እንዳይመስልሽ" አለችኝ። "የጥሩሐረግ እጅ ደከመ እንዳልባል ነው።"

"ማንም አይወቅ ተብለሽ የለም እንዴ?"

"እጄ ያውቃል!"

ጣት ጣት ያለው አልሠራችም፤ የተዋበች ጣቶች ተጣመዋልና እያንዳንዱን ማስገባት አይሆንላትም። አራቱ ጣቶች ባንድነት የሚገቡበት፣ አውራ ጣት ብቻ ለብቻው የሚወጣበት፣ የሕፃናት ዓይነት አደረገችው። ነፋስ እንዳይገባው ክሩን ጠበቅ ጠበቅ እያደረገች፣ ጥርሷን ነክሳ ሠራችው። አንዳንዴ ኪሮሹን ስትወጋበት ሳይ የተዋበችን ዓይን የምታወጣ ነበር የሚመስለኝ። እንዲህ በንዴት የተሠራ፣ ደግሞም እንዲህ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም።

ለኅዳር ሚካኤል ይዘን ሄድን። ተዋበች እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ተቀበለችን። ሹራቡን ለመቀበል ግን ማውጣት ነበረባት። ካየኋቸው ከርሜ ነበርና ደነገጥኩ፤ እንደ ዝንጅብል ተቆላልፈው ቀርተዋል። መያዝ ስላቃታት እኔ አጠለቅኩላት። አንዱን ከአንዱ ጋር አሻሸች።

"ሞቀኝ" አለች። "ጥሩሐረግ፣ አንቺ ለኔ?"

"ክር ተርፎኝ ነው" አለች እኅቴ።

ስንወጣ ተዋበች በር ድረስ ተከተለችን። "በሞቴ፣ ለምስክር የእጄን ነገር እንዳትነግሩብኝ። ከክረምት ወዲህ ሲመጣ በነጠላ ሸፍኜ ነው የምቀበለው፤ የሚያጎርሰውም እሱ ሆኗል። ካወቀ ሥራውንም ሠርጉንም ጥሎ ሊያስታምመኝ ይመጣል" አለችን። ሁለታችንም በመድኃኔዓለም ብለን ቃል ገባንላት።

እኅቴ አጥሩን እስክንዞር ድረስ ፊት ፊቴን ሄደች። ከዚያ ቆመች። "እኔ ብታመምስ? ሥራውን ጥሎ ይመጣል?"

መልሱን እያሰብኩ ዘገየሁ።

"ተይው!" አለችኝ።

ለገና ምስክር መጣ። በሩን ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ ያየነው ፊቱን አይደለም፤ እጁን ነው። ወይን ጠጅ መልክ ያለው የእጅ ሹራብ፣ ቅጥ ያለው ጠባብ አንጓ! እኅቴ ምሰሶ ያዘች።

"አያችሁ?" አለ እጆቹን እያገላበጠ። "የደሃና ብርድ ጠመኔ አላስይዝ አለኝ ብላት እምዬ አውጥታ ሰጠችኝ። እንዲህ ዓይነት እጅ አላት ብዬ ማን ይገምታል! አንቺ ደግሞ እቴ፣ የሰው ሶፋ ስታለብሺ ነው የምትኖሪው።"

እኅቴ አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። የቄሱ ክልከላ ትዝ ብሏት ነው። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ጓዳ ገባችና ድስት አነሣች፤ አስቀመጠች፤ አነሣች። እሱ ውጭ ሆኖ ያፏጫል።

እሱ ወዳጆቹን ሊጠይቅ ሲወጣ በጓሮ በኩል ወደ ተዋበች በረረች፤ እኔም ተከተልኳት።

"የሠራሁልሽን ልጄን አለበስሽው! የኔን ሥራ ያንቺ አስመሰልሽ!"

"በረደኝ ሲለኝ አንጀቴ አልችል አለ" አለች ተዋበች። "ደግሞ ነግሬዋለሁ። እናትህ ናት የሠራችው ብየዋለሁ።"

"እና?"

ተዋበች ነጠላዋን ሰበሰበች። "ሳቀ።"

"ምን ብሎ ሳቀ?"

"ተይው ጥሩሐረግ።"

"ምን ብሎ?"

"'እቴ ላንቺ? ላንቺማ መርፌ እንኳ አታውስም' አለኝ። ላንቺ ክብር ብዬ የምዋሽለት ነው የመሰለው።"

እኅቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ልጇ እንዴት እንደሚያውቃት ያን ቀን ሰማች። የከፋው ደግሞ እውነቱን ነበር፤ መርፌ አውሳት አታውቅም።

ጥር ደረሰ። ሙሽሮቹ ከደሃና ከተማ ከአምደወርቅ በአይሱዙ መጡ፤ ሚዜው ከላይ ሆኖ ይጨፍራል፣ ከታች ዕልልታው ይቀልጣል። ዳሱ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ወንበር ተደርጓል። እኅቴ ተዋበችን ከወጥ ሠሪዎቹ ጋር ልታስቀምጣት ነበር ያሰበችው፤ ምስክር አስቀድሞ ልኮ "ሁለቱም እኩል ይቀመጡልኝ" ስላለ ተቀመጡ። ቄስ ገብረ አማኑኤል ከፊት ለፊት ናቸው። እንግዳውም የቤታችንን ጉድ ያውቃልና ሙሽራዋን ትቶ የሁለቱን ጉልበት ነበር የሚያየው።

ምስክር ኤደንን ይዞ ገባ። መንገዱ ከሌሊት ጀምሮ ነውና ያን የእጅ ሹራብ ገና አላወለቀውም። ከሁለቱ ወንበሮች ፊት ቆመ። አወለቀውና ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ አሳየ።

"የእምዬ እጅ ባይሠራልኝ ኖሮ ጣቶቼ ደሃና ቀርተው ነበር!" አለ። ሰው ሳቀ። እሱም እየሳቀ ወደ ተዋበች ጉልበት ጎንበስ አለ።

"እኔ ነኝ የሠራሁት!"

እኅቴ ተነሥታ ቆማ ነበር። ዕልልታው ቀጥ አለ። ቄስ ገብረ አማኑኤል ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ምስክር ቀና ብሎ አያት። እንደ መናደድ እንኳ አላለም፤ ለሚያለቅስ ሕፃን ፈገግ እንደሚባለው ፈገግ አለላት። "እሺ እቴ፣ አንቺ ነሽ" አለ። ሚዜው ፊቱን አዙሮ ሳቀ።

"እውነቷን ነው ልጄ" አለች ተዋበች።

"አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ትሸፍኝላታለሽ፣ እምዬ።"

እኅቴ ያኔ ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ያሰበችም አይመስለኝም። ዞረችና የተዋበችን ክንድ ያዘች። ከነጠላው ውስጥ መንጭቃ አወጣችው፤ ሰው ሁሉ እንዲያየው ወደ ላይ አነሣችው።

"በዚህ እጅ ነው የሠራችው? እየው! እምዬ የምትላትን ሴት እጅ አንድ ቀን አይተህ ታውቃለህ?"

የተዋበች ጣቶች በሁሉም ፊት ተቆላልፈው ቆመዋል። በሌላው እጇ ልትሸፍናቸው ሞከረች፤ እሱም እንደዚያው ነበር። "ለምኜሽ አልነበረም ወይ፣ ጥሩሐረግ?" አለች፤ ድምፅዋ የተሰማው ለኔ ብቻ ነው።

ምስክር ተንበረከከ። ያንን እጅ ከእናቱ መዳፍ ተቀበለ። አንዷን ጣት ሳመ፤ ሌላዋን ሳመ፤ ትንፋሹን እፍ እያለ ያሞቃታል፣ እንባው አዲሱ ሱፉ ላይ ይወርዳል። ከዚያ የእጅ ሹራቡን አነሣና እንዳያማት ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን አጠለቀላት። ልክክ አለላት። ያኔ ለማን እንደተሠራ ገባው። ሙሽራይቱ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሚዜው ትከሻውን ነካ እስኪያደርገው ድረስ የሁለተኛውን ጉልበት ነገር ረስቶት ነበር።

ተነሣ። ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ወደ እኅቴ መጥቶ ጉልበቷን ሳመ፤ ደንብ ነውና።

"እጅሽ ይባረክ፣ እቴ" አላት።

ይኼ ለጠላ ጠማቂም ይባላል። እኅቴ "አሜን" ብላ ተቀመጠች። ጠላ ሲመጣላት ይዛው ቀረች፤ አልጠጣችም። ተዋበች በጎኗ የሞቁ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። እኅቴ ከገዛ ሥራዋ፣ በገዛ ልጇ እጅ ከተጠለቀው ሹራብ ላይ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም። ስትቀና የኖረች ሴት ናት፤ የዚያን ዕለት ያህል ግን ቀንታ አታውቅም።