በክር የተሠራ ካርታ

እኛ ጋ ፈተና የሚያዘጋጅ ሰው ይቆለፍበታል። ስልክህን ታስረክባለህ፣ ትገባለህ፣ ፈተናው ተሰጥቶ እስኪያልቅ አትወጣም። መስኮቱ ሁሉ በወረቀት ተለጥፏል። ምግቡ ሩዝና ዓሣ ነው፤ ሲለወጥ ዓሣና ሩዝ።

ዘንድሮ እኔም ተቆለፍኩ። ስሜ ኛን ነው፤ ሥራዬ ጽሑፍ ወደ ብሬል መገልበጥ ነው፣ ጎበዞች ተወዳድረው ለሚገቡበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚፈተኑት መሀል ደግሞ አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ አለች። ስሟን አልነገሩንም። አብሮኝ አጎቴ ትዋን ገባ። የሥጋ አጎቴ አይደለም፣ ሁሉም ሰው አጎቴ ይለዋል። ከተወለደ ጀምሮ አያይም። የገለበጥኩትን በጣቱ አንብቦ ያርማል፣ እያረመ ይሰድበኛል።

«ኛን፣ እዚህ ጋ አንድ ነጥብ በልተሻል። ምሳ አልበቃሽም?»

ሒሳቡ አለፈ፣ ቋንቋው አለፈ። ጂኦግራፊ ላይ ቆምን።

ጥያቄው ካርታ አለው። ወንዝ፣ አራት መንደር፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ መንገድ፣ እና የከፍታ መስመር እንደ ሸረሪት ድር። ወንዙ ሲሞላ መጀመሪያ ውሃ የሚገባው የትኛው መንደር ነው? ለምን?

ሰብሳቢያችን እትዬ ሀው አየችውና ወዲያው ወሰነች። «ለልጅቷ እንሰርዘው። ነጥቡን እንዲሁ እንሰጣታለን።»

«እንዳትሰጧት» አለ አጎቴ ትዋን።

«ምን ዓይነት ክፉ ነህ አንተ?»

«አምና በጎረቤት ወረዳ መስማት ለማይችለው ልጅ እንዲሁ ሰጡት። በግማሽ ነጥብ አለፈ። ያላለፈ ልጅ አባት ከሰሰ፣ ቦታውን ነጠቁት። የሰጡት ሰዎች ደጎች ነበሩ፣ እንደ አንቺ።»

እትዬ ሀው ጥያቄውን መልሳ አነበበች። «ፈተናው ነገ ከምሳ በፊት ይታሸጋል። እስከዚያ ለልጅቷ የሚሆን ካርታ አምጡ። ጥያቄውን ያወጣው መምህር ኪየም ነው፣ እሱ ካልፈረመበት እሰርዘዋለሁ።»

ኪየም ወጣት ነው፣ ክርክር ይወዳል። ካርታውን በቃል እንግለጸው አልኩት። አጎቴ ትዋን እንዳይሰማ አስወጣነው፤ ካርታውን የሚሞክርልን ሌላ ጣት የለንም፣ መልሱን ከሰማ ደግሞ አይረባንም።

«የት ልውጣ? ተቆልፎብናል እኮ» አለ።

«ወጥ ቤት።»

እያጉረመረመ ሄደ። እኔም ጻፍኩ። ለ ወንዙ ዳር ነው፣ ግን ወንዙ ራሱ በከመረው ደለል ላይ ከፍ ብሏል። ሐ ከወንዙ ይርቃል፣ ያለው ግን ጎድጓዳ ውስጥ ነው።

ኪየም አንብቦ ሳቀ። «ይሄ መግለጫ አይደለም፣ መልሱ ነው።»

እውነቱን ነው። ቀደድኩት።

የቀረው በጣት የሚነበብ ካርታ ነው። ለዚህ የሚሆን ወረቀት አለ፣ ግን ከተማ ነው ያለው፣ ከተማው ደግሞ ከበሩ ውጭ። ከወጥ ቤት ክርና ማሾ ለመንኩ። ወንዙን የጫማዬን ማሰሪያ አደረግኩት። እያንዳንዱን የከፍታ መስመር በክር ለጠፍኩ፣ መንደሮቹን በማሾ፣ ፊደላቸውን በብሬል።

አጎቴ ትዋን እጁን አሳረፈበት።

«ይሄ ካርታ ነው ወይስ የድስት መፈግፈጊያ?»

«ወንዙን ፈልገው።»

«ስንት ወንዝ ነው ያለው? ሁሉም ይፈሳል።»

ጣት እንደ ዓይን አይደለም። መስመር ከመስመር ከተጠጋ ጭቃ ነው። ኪየምን መስመር እንቀንስ አልኩት።

«አንድም አይቀነስም። ሌሎቹ ልጆች ሁሉንም ያያሉ። ለእሷ ካቀለልን ነጥቡን እንዲሁ ከመስጠት በምን ይለያል? ያ ከሳሽ አባት ይሄንንም ያገኘዋል።»

የሚያናድደው ነገር ልክ መሆኑ ነው። ሄጄ ተኛሁ።

ጠዋት ላይ ለሁለት ከፈልኩት። በአንዱ ወረቀት ወንዝ፣ መንገድና መንደር። በሌላው የከፍታ መስመር ብቻ ከነቁጥሩ፣ ያው መንደሮቹ እዚያው ቦታቸው ላይ ሆነው፣ ሁሉንም አሰፋሁት። ግራ እጅ አንዱ ላይ፣ ቀኝ እጅ ሌላው ላይ። ከካርታው የጎደለ መስመር የለም።

«ሁለት ወረቀት አንድ ላይ ማንበብማ ይከብዳል» አለ ኪየም።

«ትናንት ይቀላል ብለህ አልነበር?»

አጎቴ ትዋንን ጠራነው። እትዬ ሀውም ሰዓቷን እያየች መጣች።

ወንዙን ወዲያው አገኘው። ማሰሪያዬን በጣቱ ተከትሎ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ማሾዎቹን ነካ። «መንደሩን አይጥ እንዳይበላባችሁ» አለ። ሁለተኛውን ወረቀት ዳሰስ አድርጎ ተወው።

«ለ» አለ።

እትዬ ሀው እኔን አየችኝ። «ልክ ነው?»

«አይደለም» አልኩ።

«በቃ። ይሰረዛል።» ማሸጊያውን አነሳች።

«ቆይ» አለ ኪየም። «አጎቴ፣ ለምን ለ አልክ?»

«ወንዙ ላይ ተለጥፏላ። የእናቴ ቤት ቱ ቦን ወንዝ ዳር ነበር፣ ውሃ ሲመጣ ማን እንደሚቀድም ለእኔ ትነግረኛለህ?»

«ቀኝ እጅህን ሁለተኛው ወረቀት ላይ፣ ለ ላይ አድርግ። ከዚያ እስከ ሐ ሂድ።»

ሄደ። ቀስ አለ። እንደገና ተመለሰና ሄደ።

«እየወረደ ነው» አለ።

«እ?» አለ ኪየም።

«ሐ ጉድጓድ ውስጥ ነው።» እጁን አነሳ። «ይቺማ ተንኮል ናት።»

ኪየም ከመቀመጫው ተነሳ። «ክፍል ውስጥ ስጠይቅ ግማሹ ተማሪ ለ ነው የሚለኝ። ወንዙን ያያሉ፣ መስመሩን አያዩም። ጥያቄውን ያወጣሁት ለዚሁ ነው። እሱም እዚያው ወጥመድ ውስጥ ገባ፣ በዚያው መስመር ወጣ። እትዬ ሀው፣ ካርታው ያው ካርታዬ ነው።»

«ስለተሳሳተ ልክ ነው ትለኛለህ?»

«አዎ።»

እኔን አየችኝ። ትከሻዬን ሰበቅኩ። ኪየም ፈረመ፣ እሷም አሸገች።

ፈተናው አለቀ፣ በሩ ተከፈተ። ማሰሪያ በሌለው ጫማ ቤቴ ገባሁ። ከቀናት በኋላ የልጅቷ የመልስ ወረቀት መጣልኝ። አራሚዎቹ ብሬል ስለማያነቡ ወደ ቀለም የምገለብጠው እኔ ነኝ።

የካርታው ጥያቄ ጋ አንድ ፊደል ጽፋ ሰርዛለች። በብሬል ሲሰረዝ የፊደሉ ስድስቱም ነጥብ ይወጋል፣ ምን እንደነበር አይነበብም። ቀጥሎ ሐ አለ። ምክንያቱንም ጽፋለች፣ ከነጉድጓዱ። እንዳለ ገለበጥኩት።

ስም ዝርዝሩ ተለጠፈ፣ ልጅቷ ገባች። የከሰሰ የለም። ለአጎቴ ትዋን ነገርኩት።

«የሰረዘችው ለ ነው» አለ።

«አይታወቅም። አይነበብም።»

«ይታወቃል። እሷ ጊዜ ነበራት። እኔን አጣድፋችሁኝ ነው።»